ምች ሲነሳ፦ ለድሬና ለሐረር ከንፈሮች የተጻፈ መመሪያ

ድሬ ላይ ከንፈሩ ውሃ ቋጥሮ ብቅ ያለ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ፍርዱን ይሰማል። «ምች መትቶሃል አቦ! ፀሐይ ላይ ምን ስትሠራ ነበር?» ወዲያው አንዷ ዳማከሴ ፍለጋ ትነሳለች። ሌላው ነጭ ሽንኩርት ፈጭተህ ቀባው ይላል። ሦስተኛው ከቦርሳው ቲቲሲ ያወጣል። ሁሉም ለደግ ነው። ያም ሆኖ ነጭ ሽንኩርቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ቲቲሲውም ለዚህ በሽታ አልተሠራም።

ፀሐይን መወንጀላችን ልክ ነው። ብቻዋን መወንጀላችን ነው ችግሩ። ምችን የሚያመጣው ሄርፐስ ሲምፕሌክስ ዓይነት 1 የሚባል ቫይረስ ነው። ፀሐይ የተኛውን ትቀሰቅሳለች እንጂ ቫይረሱን ይዛ አትመጣም። ይህችን ከያዝን የቀረው ቀላል ነው፤ መቼ መቀባት እንዳለብን፣ መቼ ሕፃን ከመሳም እንደምንታቀብ፣ መቼ ደግሞ ከንፈሩን ትተን ደም ለመመርመር መሮጥ እንዳለብን እናውቃለን።

1. መጀመሪያ ምች መሆኑን አረጋግጡ

መስታወት ፊት ቁሙ፤ ብርሃን ባለበት። ምች ብዙ ጊዜ የሚወጣው ቀዩ ከንፈርና የፊት ቆዳ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ትልቅ እብጠት አይደለም። ጥርት ያለ ውሃ የያዙ፣ ተጠጋግተው የወጡ ትንንሽ ፊኛዎች ናቸው። ከመውጣታቸው በፊት ቦታው ያሳክካል፣ ይለበልባል፣ ውጥር ይላል። ቦታም መቀየር ብዙ አይወድም። አምና በግራ ጥግ የወጣበት ሰው ዘንድሮም በግራ ጥግ ይወጣበታል።

ምች የሚመስሉ ሌሎች አሉ። ጉንጭ ውስጥ ወይም ምላስ ላይ የሚወጣ፣ መሐሉ ነጣ ያለ ክብ ቁስል ምች አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። የከንፈር ሁለቱም ጥግ ከተሰነጠቀ ብዙ ጊዜ ፈንገስ፣ አንዳንዴም የቫይታሚን ወይም የብረት እጥረት ነው። ልጅ አፍና አፍንጫው ዙሪያ የማር ቀለም ያለው ቅርፊት ካወጣ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አልማዝ ባለጭራ ደግሞ የምች የሥጋ ዘመድ ነው። ግን ሌላ ቫይረስ ነው፤ ጉድፍን የሚያመጣው። በአንድ ጎን ብቻ ተሰልፎ ይወጣል፣ ሕመሙም ከምች ጋር አይወዳደርም። ፊት ላይ፣ በተለይ ዓይን አጠገብ ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

2. ቫይረሱ የት እንዳለ እወቁ

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 64 በመቶ የሚሆነው፣ ማለትም 3.8 ቢሊዮን ገደማ ሰው፣ ይህን ቫይረስ ይዟል። አብዛኛው የያዘው በልጅነቱ ነው፤ ከእናት፣ ከአክስት፣ ከጎረቤት መሳም። ብዙዎቹ አንድም ቀን ከንፈራቸው ላይ ምንም ሳይወጣ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

ስለዚህ የትዳር ጓደኛችሁ ከንፈር ላይ ምች ስታዩ ምርመራ አትክፈቱ። «ሄርፐስ» የሚለው ስም ከአባላዘር በሽታ ጋር ስለሚነሳ ቤት ያፈርሳል። ብልት ላይ የሚወጣውን በብዛት የሚያመጣው ዓይነት 2 ነው። የከንፈሩ ዓይነት 1 ነው፣ ምናልባትም ገና በዳዴ ዘመን የተያዘ። ዓይነት 1ም ቢሆን በአፍ በሚደረግ ወሲብ ወደ ብልት ሊሄድ እንደሚችል ግን እወቁት። ከንፈር ላይ ቁስል ባለበት ሰሞን ይህን ማቆየት ነው።

ቫይረሱ አንዴ ከገባ አይወጣም። በፊት ነርቭ ሽቅብ ተጉዞ ከጆሮ ፊት ለፊት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ይተኛል። ሰውነት ሲደክም ወይም ከንፈር ሲጎዳ በዚያው ነርቭ ተመልሶ ይወርዳል። ቤቱን የማይቀይረውም ለዚህ ነው። የሚቀሰቅሱት ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ጉንፋን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የወር አበባ፣ ጥርስ ሲነቀል የከንፈር መለጠጥ። «ተልባ ቆልተሽ ፀሐይ ላይ አትውጪ» የሚሉት እናቶቻችን ተልባውን ባይሆንም ፀሐይዋን በደንብ አውቀዋታል።

3. የመለብለቢያዋን ሰዓት አታሳልፉ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ያንብብ።

ምች ከመውጣቱ በፊት ያስጠነቅቃል። ጠዋት ፊት ስትታጠቡ ከንፈር ጠርዝ ላይ አንድ ቦታ ይነዝራል። በጣት ሲነካ ጠጠር ያለ ነገር አለ፤ በዓይን ግን ምንም አይታይም። ከሰዓታት እስከ አንድ ቀን ወይም ትንሽ በላይ በዚህ ሁኔታ ይቆያል። መድኃኒት የሚሠራው ያኔ ነው። ውሃ ከቋጠረ ወዲያ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቅርፊት ከሠራ በኋላ መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው።

ምክንያቱ የመድኃኒቱ አሠራር ላይ ነው። የምች መድኃኒት የሆነው አሲክሎቪር ብቻውን ሲሆን ሥራ ፈት ነው። የሚነቃው ቫይረሱ ራሱ በሚያመርተው ኢንዛይም ነው። ከነቃ በኋላ የቫይረሱን መባዛት ያግዳል። ጤነኛውን የሰውነት ክፍል እምብዛም የማይነካውም ለዚህ ነው። ቫይረሱ ተባዝቶ ከጨረሰ ግን የሚያግደው ነገር የለም። ይህን መድኃኒት የሠራውን ቡድን ትመራ የነበረችው ጌርትሩድ ኤሊየን ናት፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዷ ሆናለች።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ፋርማሲ ገብታችሁ «አሲክሎቪር 5 በመቶ ክሬም» በሉ። «የምች ቅባት» ብቻ ካላችሁ ሌላ ነገር ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቦታውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ሳታሹ አድርቁ። ክሬሙን በጣት ሳይሆን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፍ አንሱ፤ ቀጭን አድርጋችሁ የሚለበልበውንና ዙሪያውን ሸፍኑ። ጥጡን ጣሉት፣ መልሳችሁ ቱቦው ላይ አታስነኩት። እጃችሁን እንደገና ታጠቡ። ይህን በቀን 5 ጊዜ ነው የምታደርጉት፣ በየአራት ሰዓቱ። ጠዋት በ1፣ ረፋድ በ5፣ ከሰዓት በ9፣ ማታ በ1 እና በ5 ብላችሁ ስልካችሁ ላይ ደውል ሙሉ። ለ4 ወይም 5 ቀን ይቀጥላል።

እውነቱን ለመናገር ክሬሙ ተአምር አይሠራም። ሕመሙን የሚያሳጥረው በግማሽ ቀን ወይም በአንድ ቀን ያህል ነው። ምች ያለ ምንም መድኃኒትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ጠባሳ ሳይተው ይድናል። ለሰርግ ወይም ለምርቃት ፎቶ ለሚዘጋጅ ሰው አንድ ቀንም ቀን ነው። ከዓመት ዓመት አንዴ ብቻ ለሚወጣበት ሰው ግን ቫዝሊን ቢቀባ ይበቃዋል።

ክኒኑ ከክሬሙ ይሻላል፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 200 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ5 ቀን ነው። የኩላሊት ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ይህን አስቀድመው ይናገሩ። አሲክሎቪር የሚወጣው በኩላሊት ነው። በድሬ ሙቀት ክኒኑን እየዋጡ ውሃ አለመጠጣት ኩላሊትን መፈታተን ነው። ረመዳን ላይ ከሆናችሁ ደግሞ አምስት ጊዜ የሚዋጠውን ይዛችሁ ከመጨነቃችሁ በፊት ለሐኪሙ ፆመኛ መሆናችሁን ንገሩት። ቫላሲክሎቪር የሚባል፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ወንድም አለው።

ክሬሙ እስኪገዛ ድረስ ከጁስ ቤት ትንሽ በረዶ ለምኑ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ያዙበት። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉ። ቫይረሱን አይገድልም፤ መለብለቡን ግን ያበርዳል።

4. የማይቀቡ ነገሮች

ነጭ ሽንኩርት ጥሬውን ቆዳ ላይ ሲቆይ እውነተኛ ቃጠሎ ያመጣል። ምቹ በሳምንት የሚድነውን ሰው ቃጠሎው ሲያሰቃየው ይከርማል። የጥርስ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ሽቶና አልኮልም ያው ናቸው።

ቲቲሲ ቴትራሳይክሊን ነው፣ የባክቴሪያ መድኃኒት። ቫይረስ አይነካም። አሞክሳሲሊንም እንደዚሁ። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ቁስሉ በኋላ መግል ከቋጠረ ነው፤ ያንን ደግሞ የሚወስነው ሐኪም ነው።

ከሁሉ የምፈራው ድሬ ታይዋን ገበያ ሄዶ የሚገዛውን ፊት ማቅያ ክሬም ነው። ከእነዚህ ክሬሞች ብዙዎቹ ስቴሮይድ አላቸው። ስቴሮይድ ብቻውን ምች ላይ ሲቀባ ሰውነት ቫይረሱን የሚመክትበትን ኃይል ያዳክማል። ቅላቱ ለአንድ ቀን የጠፋ ይመስላል፤ ከዚያ ቁስሉ ይሰፋል።

ዳማከሴንስ? ቅጠሉን አሽቶ ማሽተትን ተዉ አልልም። ሽታው ራሱ ደስ ይላል፣ ያሳደጉንን ሰዎችም ያስታውሳል። ነገር ግን ጭማቂውን በተከፈተ ቁስል ላይ አትጨምቁ፤ ዓይን አጠገብ ጨርሶ አታድርሱት። አሲክሎቪሩንም እንዲተካ አትጠብቁ።

5. ሲፈርጥ፦ ስኒው፣ ሺሻውና ጉርሻው

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ፊኛዎቹ ይፈርጣሉ፣ ቁስሉም ውሃ ያወጣል። ያ ውሃ በቫይረስ የተሞላ ነው። ከመጀመሪያው መለብለብ ጀምሮ ቅርፊቱ ወድቆ ቆዳው እስኪጠግግ ድረስ ይተላለፋል። ቁስል በማይታይበት ጊዜም አልፎ አልፎ በምራቅ ሊወጣ ይችላል፤ የዚያን ያህል ግን አያሰጋም።

አትፈርጡት። ቅርፊቱንም አትላጡት። ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ቫዝሊን ቀቡት፤ እሱንም በጥጥ።

የሰፈራችንን ልማድ እንይ። በርጫ ላይ አንድ የውሃ ኮዳ አምስት አፍ ይዞራል። የሺሻው ቱቦ ጫፍ ከሰው ወደ ሰው ያልፋል። ሲጋራም «ሁለት ሳብ ላድርግ» ተብሎ ይወሰዳል። ምች የያዘው ሰው የራሱን ኮዳ ይዞ ይቀመጥ፤ ሺሻውንም ለጊዜው ይተወው፣ ቢያንስ ለሌሎቹ ብሎ። ቡና ላይ ደግሞ ስኒዎቹ ብዙ ጊዜ በአንዲት ሳህን ውሃ ለቅለቅ ተደርገው ለሚቀጥለው ሰው ይቀርባሉ። ያ እጥበት አይደለም። ቫይረሱ የስብ ሽፋን አለው፤ ሳሙና ያንን ሽፋን ስለሚበትነው በሳሙና የታጠበ ስኒ አያሰጋም። አፍላችሁ የምታጠጡ ከሆነ የታመመውን ስኒ ለይታችሁ በሳሙና እጠቡት።

ጉርሻ የሚያጎርሰው ሰው ከንፈሩን በነካ እጁ እንዳያጎርስ። ፎጣ፣ የከንፈር ቀለም፣ የጥርስ ብሩሽና ምላጭ የግል ይሁኑ። ጢም መላጨት ካለባችሁ ቁስሉን ዘላችሁ ላጩ፤ ምላጩ ቫይረሱን በአገጭ ሁሉ ሊዘራው ይችላል። ጣት ላይ የተሰነጠቀ ቆዳ ካለ ቫይረሱ በዚያም ገብቶ ጣትን ያሳብጣል።

ሰላምታስ? ጉንጭ ለጉንጭ መሳሙን ለአንድ ሳምንት ተዉት። ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት በሐረርም በድሬም ማንንም አያስቀይምም። «ምች ይዞኛል» ማለት ደግሞ ነውር አይደለም።

ለመብላት ሚጥሚጣና ሎሚ ያለበትን ሳምቡሳ ለጊዜው አቆዩት። ጁስ በስትሮ ጠጡ። ሕመሙ ከበረታ ፓራሲታሞል ውሰዱ።

6. ሕፃን ያለበት ቤት

አራስ ጥየቃ ላይ ሕግ አንድ ናት። ከንፈሩ ላይ ምች ያለበት ሰው፣ አያትም ቢሆኑ፣ አራሱን አይስሙ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ያለ ሕፃን ይህን ቫይረስ የሚቋቋምበት አቅም የለውም። ወደ አንጎልና ጉበት ሊሄድ፣ ሊገድልም ይችላል። እናትየዋ ራሷ ምች ከያዛት ጡት ማጥባቷን ትቀጥል። እጇን ትታጠብ፣ አፏን በጭንብል ትሸፍን፣ አትሳመው። ጡቷ ላይ ቁስል ከወጣ ግን በዚያኛው ጡት አታጥባ፤ ሐኪምም ታማክር።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ቫይረሱ መጀመሪያ ሲይዛቸው ከአዋቂ ይልቅ ሊከብዳቸው ይችላል። ትኩሳት ይነሳባቸዋል፣ ድዳቸው ያብጣል፣ ይቀላል፣ አፋቸው ውስጥ ሁሉ ይቆስላል፣ ለሃጫቸው ይፈሳል፣ ምግብም ውሃም እምቢ ይላሉ። የሚጎዳቸው በብዛት የውሃ ማነስ ነው። በማንኪያ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ወተት ወይም ኦ.አር.ኤስ. ስጡ። የልጁ ሽንት ካነሰ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከደነዘዘ ጊዜ ሳትሰጡ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

7. ምቹን ከትኩሳቱ ለዩ

ቆላ ላይ ለምንኖር ሰዎች ከባዱ ይህ ነው። እኛ ጋ «ምች» ስንል ከንፈሩን ብቻ አይደለም። ራስ ምታቱን፣ ብርድ ብርድ ማለቱን፣ ቁርጥማቱንም በአንድ ላይ ነው የምንጠራው። ትኩሳት ግን ምችን ይቀሰቅሳል። የወባ ትኩሳት የያዘው ሰው ከንፈሩ ላይ ምች ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው። ቤተሰቡ ከንፈሩን አይቶ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አሽቱት» ሲል ወባው ውስጥ ውስጡን ይሠራል።

ድሬዳዋ በ2014 ዓ.ም በወባ ወረርሽኝ ተመትታለች። ያመጣው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለ ከተማ የለመደ፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባ ትንኝ ነው። ከዚያ በፊት በ2006 ዴንጊ፣ በ2011 ማብቂያ ደግሞ ቺኩንጉንያ ታይተዋል። ስለዚህ ትኩሳት ካለ ከንፈሩ ምንም ይምሰል የወባ ምርመራ አድርጉ። ድልጮራ ሆስፒታልም ሳቢያን ሆስፒታልም ጤና ጣቢያም ይመረመራል፤ ሐረር ከሆናችሁ ጁገል ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል። ዴንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን አትዋጡ፤ የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። ለትኩሳት ፓራሲታሞል።

8. ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ካልቻለ ወይም ካደበዘዘ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህ ቫይረስ የዓይን መስታወትን፣ ማለትም ጥርት ያለውን የዓይን የፊት ሽፋን፣ አቁስሎ እይታ ሊያጠፋ ይችላል። ቤት ያለ የዓይን ጠብታ አታድርጉ፤ ስቴሮይድ ያለው ከሆነ ያባብሰዋል።

ኃይለኛ ራስ ምታት ከትኩሳትና ከመቀባዠር ጋር፣ ወይም ችፌ ባለበት ቆዳ ላይ በብዛት የተዘራ ቁስልም ለነገ አይባልም። በሁለት ሳምንት ያልዳነ ምችን አሳዩ። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ከሆነ ሰውነት መከላከል ማቃቱን ያመለክታል፤ ኤች.አይ.ቪን ጨምሮ ምርመራ ያስፈልጋል። ተራ ምች ግን የኤች.አይ.ቪ. ምልክት አይደለም። ጎረቤት የሚያወራውን ተዉት።

9. ፀሐይዋን መመከት

ፀሐይ በእኛ አናት ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ መግቢያ ላይና ነሐሴ መገባደጃ ላይ። ነሐሴ ደመና ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከንፈር የሚጎዳው ጨረር ደመናን ያልፋል። የሐረር ሰውም «እኛ ጋ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ አይኩራ። ድሬ ከባሕር በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ጨረሩ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከድሬ ዳገቱን ስትወጡ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ጨረሩ ግን ይብሳል።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀፊራ ገበያ የምትወርዱ ከሆነ ጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ ያዙ። ከዚራ የዛፍ ጥላ አለ፤ መጋላ ግን የራሳችሁን ጥላ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ቫዝሊን ከንፈር ያለሰልሳል እንጂ ጨረር አይከላከልም። መለያው ላይ የፀሐይ መከላከያ ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት የከንፈር ቅባት ግዙ። ከመውጣታችሁ በፊት ቀቡት፣ ከበላችሁና ከጠጣችሁ በኋላ ድገሙት። ባጃጅ የምትነዱ ልጆች መስታወቱ ሥር አታስቀምጡት፤ ይቀልጣል።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ሰው ሐኪም በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ክኒን ሊያዝለት ይችላል። ለዚያ የወጣባቸውን ቀኖችና የቀሰቀሰውን ነገር ስልኩ ላይ እየመዘገበ ይቆይ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ነው።